የከረጢት ሸማኔዎቹ ጆሮ

እኛ ቤት ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። እናቴ "ጨው አቀብዪኝ" ስትል ሦስተኛው ቤት ያለ ጎረቤት ጨው ይዞ ብቅ ቢል አይገርመንም ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ የድሬ ሰው ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ድሬ ከመንገድ ማዶ ለማዶ ሰው ይጠራራል፣ ይሰዳደባል፣ ወዲያው ደግሞ ጭማቂ ይገባበዛል። እናቴም የድሬ ልጅ ናት። አባቷ በባቡሩ ዘመን ከደጋ ለሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ ከዚራ ሰፈር ተወልዳ እዚያው አደገች። ስለዚህ መጮኋን ከአገሯ ጋር ደምሬ ተቀበልኩት።

እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ከረጢት ሸምናለች። እህልና ስኳር የሚሞላበት ነጭ ከረጢት የሚሠራበት ትንሽ ፋብሪካ ነበር፤ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ማሽኖቹም ተነቅለው ተሸጠዋል። ከእሷ ጋር የሠሩ ሁለት የልብ ጓደኞች አሏት። አንዷ ግድግዳ የምንጋራት ኦሮሞ ጎረቤታችን ናት። ሁለተኛዋ ሶማሌ ናት፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሳምቡሳ መጥበስ ጀምራ እስከዛሬ በዚያው ትተዳደራለች። ሦስቱ ሲገናኙ አንዷ በኦሮምኛ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ በሶማሊኛ ትቀበላታለች፣ እናቴ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ቋንቋው ይለያያል እንጂ ጩኸቱ አንድ ነው።

እኔ ደግሞ አድጌ፣ ተምሬ፣ እዚሁ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ጉዳይ መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሥራዬን ለማስረዳት ቀላል ነው። በየሥራው ዓይነት ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ስንት ሰውም በሥራው ምክንያት እንደታመመ እጠይቃለሁ። ያገኘሁትን ለሠራተኛው ብዛትና ለሠሩበት ሰዓት አካፍላለሁ። ከዚያ የትኛው ሥራ ሰውን ይበልጥ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይወጣል።

መጀመሪያ የተቀጠርኩ ሰሞን ማካፈሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእናቴ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

"ሺህ ሰው በሚሠራበት ፋብሪካ አሥር ሰው ቢጎዳ፣ አሥር ሰው በሚሠራበት እንጨት ቤት ደግሞ አምስት ሰው ቢጎዳ፣ የቱ ነው የባሰው?" አልኳት።

"እንጨት ቤቱ ነዋ!" አለች። "ይቺን ለማወቅ ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው?"

የመጀመሪያውን ትልቅ ሠንጠረዥ ለመሥራት ሦስት ወር ዞርኩ። በባጃጅ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሄጄ ልብስ ሰፊዎችን አነጋገርኩ። ፎቅ የሚሠሩ ግንበኞችን፣ እንጨት ቤቶችን፣ ዳቦ ጋጋሪዎችን፣ ቀፊራ ገበያ ያሉ ወፍጮ ቤቶችንና ጫኝና አውራጆችን ጠየቅሁ። የጉዳቱ ዓምድ በደንብ ሞላ። ጣት፣ ወገብ፣ ቃጠሎ፣ ከመሰላል መውደቅ፣ ሁሉም ነበረበት። ከጎኑ ያለው ዓምድ ሥራ አመጣሽ በሽታ ይላል። እሱ ላይ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነበር። እኔም ሳላፍር ደስ አለኝ። ቢያንስ በበሽታው በኩል ድሬ ጤነኛ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ሠንጠረዡን ለአለቃዬ ባቀረብኩበት ዕለት ስልኬ ጠራ። አለቃዬ ጡረታ የተቃረቡ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያስቡ ሰው ናቸው። "አንሺው" አሉኝ። አነሳሁት።

"ስትመጪ በቀፊራ በኩል እለፊ!" አለች እናቴ። "ቃሪያና ሎሚ! ባለፈው እንዳመጣሽው የደረቀ ሎሚ እንዳታመጪ! ሰማሽ?"

እኔ ብቻ ሳልሆን ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ማዶ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ "ሰምተናል እማማ!" ብሎ መለሰላት። ሳቅ ሆነ። አለቃዬም ሳቁና "ድምፅ ማጉያውን ከፍተሽው ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አልከፈትኩትም። እናቴ ናት።"

"ምን ሲሠሩ ነው የኖሩት?"

"ከረጢት ሲሸምኑ። ሃያ ሁለት ዓመት።"

ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ወረቀቴን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጣታቸውን ዜሮዎቹ ላይ አሳረፉ። "ይህን ዜሮ ማን ሰጠሽ?"

"ሠራተኞቹ ናቸው። በሥራችሁ ምክንያት የመጣ በሽታ አለባችሁ ወይ ስላቸው፣ ከፊሉ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ከፊሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ምንም የለም ነው መልሳቸው።"

"ጣት ሲቆረጥ ቀኑ ይታወቃል" አሉ። "ደሙ ይታያል፣ ሰው ይሰበሰባል። ጆሮ ግን በየትኛው ቀን ነው የተቆረጠው? ሂጂና መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂ።"

ማታ ለእራት ስንቀመጥ የመጠይቁን ቅጽ ይዤ እንደ እንግዳ ሰው ጠየቅኋት። በሥራዋ ምክንያት የመጣባት በሽታ አለ?

"ምንም! አምላኬ ይመስገን፣ አንድ ቀን ተኝቼ አላውቅም።"

"ጆሮሽስ?"

"ጆሮዬ ምን ሆነ? እናንተ ናችሁ እንጂ የምታንሾካሹኩት! የዘንድሮ ልጅ አፉን ከፍቶ አያወራም!"

"እማዬ፣ ከኋላሽ ስጠራሽ እኮ አትሰሚኝም።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። "አንቺን ያሳደግሁበትን ሥራ በሽታ ብለሽ ልትጽፊው ነው?" አለች። ይህን ስትል ግን አልጮኸችም፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ቀን በወጉ አላናገረችኝም።

ያስታረቀችን ሳምቡሳ ሻጯ ናት። ነገሩን ሰምታ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። "ናያ! አንቺ!" አለቻት እናቴን፣ "የልጅ ልጄ እኔን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ? ሬዲዮ! ወላሂ፣ አያቴ ሬዲዮ ናት ይላል! ልጅሽ ትውሰደንና ጆሯችንን እንታይ። ምን እንዳይቀርብን ነው?" ጎረቤታችንም ጩኸቱን ሰምታ መጣች። "ማል ታቴ? ምን ሆናችሁ?" አለች። ነገሩ ሲነገራት "ቅዳሜ ከሆነ እኔም አለሁ" አለች። እናቴ ጓደኞቿ ሄደው እሷ እንደማትቀር አውቅ ነበር።

አለቃዬ የሚያውቁት አንድ የጆሮ ባለሙያ ነበር፤ ክሊኒኩ ቅዳሜ ጠዋት ጭር ስለሚል አምጪያቸው አለኝ። ሦስቱ በአንድ ባጃጅ ተጠቅጥቀው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው መጡ። የባጃጁ ሹፌር ሲያወርዳቸው "እኔም ልመርመር፣ አሁን ደንቁሬያለሁ" አለኝ።

ምርመራው ቀላል ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ይደፋል። ጢጥ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው እጁን ያነሳል። እናቴ መጀመሪያ ገባች፤ እጇን ባነሳች ቁጥር ልክ ሆነ። አንዲት ድምፅ እንኳ አላመለጠቻትም። ባለሙያው ግራ ገባው። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። ዓይኗን ስከተል የምታየው ቁልፉን የሚጫነውን የባለሙያውን ጣት ነው።

"ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙርላት" አልኩት።

"አንቺ ከማን ጋር ነሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። ጓደኞቿ በሩ ላይ ሆነው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ እጇ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ቀረ። ጢጥታው እኔ ከቆምኩበት እስክሰማው ድረስ ከፍ ብሎ እንኳ እሷ ጉልበቷ ላይ እጇን አሳርፋ በትዕግሥት ትጠብቃለች። ስንት ዓመት ከኋላዋ "እማዬ" እያልኩ አልሰማ ስትለኝ ተቆጥቻታለሁ።

ሦስቱም ከተመረመሩ በኋላ ባለሙያው የወጣውን መስመር በሦስት ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ መልሶ ተቀበለኝና አነባብሮ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው። የሦስቱም መስመር አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል፣ እዚያው ጎድጉዶ እንደገና ብቅ ይላል። "ይህ የዕድሜ አይደለም" አለ። "የጩኸት ነው። ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ድምፅ አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው የሚሆነው።"

ሴቶቹ ወረቀቱን ተቀባብለው አዩት። ጎረቤታችን በጣቷ ጉድጓዱን ተከተለችው። እናቴ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

"አብረን ሠራን፣ አብረን ደነቆርን!" አለች።

መጀመሪያ ሳምቡሳ ሻጯ ፈነዳች፤ ቀጥሎ ሁላችንም። ባለሙያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳቁን ጨረሰ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ክንዴን ያዘችኝና "ጻፊው" አለች። "እንግዲህ ጆሮዬም ሠርቷል፣ ይጻፍለት።"

ሰኞ ወረቀቶቹን ይዤ እየበረርኩ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ነው፤ ግን አይካፈልም" አሉ።

"እንዴት?"

"ሲጮሁ የምታውቂያቸውን ሦስት ሴቶች መርጠሽ መረመርሽ፤ ሦስቱም አይሰሙም። እዚያ የሠራ ሁሉ ጆሮው ተጎድቷል ልትዪ ነው? በዚያ አዳራሽ የሠሩት ሁሉ ስንት ነበሩ? ደህና የሆኑትስ? ደህና የሆነውን ካልቆጠርሽ የታመመው ቁጥር ትርጉም የለውም።"

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የሠራተኛው መዝገብ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ለእናቴ ስነግራት "መዝገብ ምን ያደርግልሻል? እኛ አለን አይደል እንዴ!" አለች።

እሑድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ጠመኔ ይዘው ተንበረከኩ። ሳምቡሳ ሻጯ አንድ ሳፋ ሙሉ አምጥታ ነበር። የሽመና አዳራሹን በሩን፣ መስኮቶቹን፣ አራቱን የማሽን ረድፍ ሥለው፣ እያንዳንዱ ማሽን ላይ በየፈረቃው ማን ትቆም እንደነበር ይጽፉ ጀመር። ጭቅጭቁ ልዩ ነበር።

"እዚህ ጋ ያቺ ቀጭኗ፣ የሳቢያኗ!"

"እሷማ ሌላ ፈረቃ ነበረች! እዚያ ጋ የነበረችው መንታ የወለደችው ናት!"

"መንታ የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አቦ!"

የማሽኑ ቦታ ሲታወሳቸው ሰው ይታወሳቸዋል፤ ሰው ሲታወሳቸው ቀልዱ፣ ፍቅሩ፣ ጠቡ ይከተላል። የሞቱትም ነበሩ። እነሱ ጋ ሲደርሱ ጠመኔው ይቆማል፤ እናቴ "ነፍስ ይማር" ትላለች፣ ሁለቱ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ይቀራሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማሽን። ጅጅጋ የሄዱ ነበሩ፣ ጅቡቲ የተሻገሩም ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ገንደ ቆሬ፣ ሳቢያን፣ መጋላ ሰፈር፣ እዚሁ አጠገባችን ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሚንቶው በስም ተሸፍኖ ነበር። እኔ ሁሉንም ገልብጬ፣ በነጋታው ዝናብ ሳይጥል ፎቶም አነሳሁት።

አንድ ማሽን ብቻ ስም አጣ፤ በመስኮቱ በኩል የመጨረሻው።

"ኩሯ ናታ!" አለች ጎረቤታችን በመጨረሻ። ሦስቱም "እእእ!" አሉ። ሰላም ሲሏት ዞር የማትል፣ ሲጠሯት የማትመልስ ሴት ነበረች። ከእነሱ ጋር ብዙም አልተቀራረበችም። አንዷ ወደ ገጠር፣ ዋሂል ገብታለች ሲባል ሰምታለች።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ክሊኒኩ የድሮ ሸማኔ በሸማኔ ሆነ። የተጠራችው ሌላዋን እየጠራች መጣች፤ ዓመታት ያልተያዩ ሰዎች በር ላይ ተቃቅፈው ጮኹ፤ ባለሙያውም ወረፋ ጠባቂዎቹን ዝም ለማሰኘት መሞከሩን ተወ። የብዙዎቹ መስመር ያው ጉድጓድ ነበረበት። ለእኔ ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ማሽን ያሳስበኝ ነበር። አለቃዬ "አንድም ሰው እንዳይቀር" ብለውኛል።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ከእናቴና ከሳምቡሳ ሻጯ ጋር ዋሂል ወረድን። ብዙ አልፈለግናትም። ገበያው ዳር ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቲማቲምና ማንጎ የምትሸጥ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ ትደረድራለች። ገና ሳንደርስባት፣ ሳትዞር "የከዚራዋ መጣች" አለች። "ድምፅሽ ከአስፋልቱ ይሰማል።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለች?"

ያኔ ነው የገባኝ። ይህች ሴት ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። እናቴና ጓደኛዋ ወደ አፏ ተጠግተው ያያሉ፤ እኔ ያልገባቸውን ጮክ ብዬ እደግምላቸዋለሁ። ማንጎ ቆርጣ አቀረበችልን። ከተጨዋወትን በኋላ ስለ ጆሮዋ ጠየቅኋት።

"ጆሮዬ ደህና ነው" አለች። "አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እኔ ስወለድ ደንቁሮ ነበር፤ አንድ ቀን ድምፄን ሰምቶ አያውቅም። ፋብሪካው ገብቼ የማሽኑን ድምፅ ስሰማ በማግስቱ ጥጥ በቫዝሊን ለውሼ ጆሮዬን ደፈንኩ። ሥራ እስክተው ድረስ አንድ ቀን አልተውኩትም።"

እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። "ታዲያ ሰላም ስንልሽ የማትመልሺው…"

"አልሰማችሁማ! በጥጡ ላይ ማሽኑ፣ እንዴት ልስማችሁ?"

"ኩራት መስሎን!"

"አውቃለሁ" አለች ሴትየዋ። "ምሳ ሰዓት ጥጡን አወጣው ነበር።"

ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። ሳምቡሳ ሻጯ ቀስ ብላ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፣ "ምን ምን ሰማሽ?" አለቻት።

"ሁሉንም።"

ከዚያ ኩሯ ራሷ ነበረች ሳቅ የጀመረችው። እናቴ ተነስታ አቀፈቻት፤ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ ይቅርታ ትጠይቃለች። ገበያተኛው መጥቶ ከቦን "ምን ተገኘ?" ይላል። ሴትየዋ ቲማቲሟን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥታ ያን ቀን ከእኛ ጋር ከተማ ገባች።

የእሷ መስመር አልጎደጎደም። ለዕድሜዋ ትንሽ ዘንበል ከማለቱ በቀር ቀጥ ያለ ነበር። ባለሙያው ጥጥ እንደ ተገቢው የጆሮ መድፈኛ እንደማይከላከል ነገረን፤ ቢሆንም በዚያ አዳራሽ ሠርታ እንዲህ ዓይነት ጆሮ ይዛ መውጣቷ አስደንቆት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው። ለአለቃዬ ሳሳያቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ዘለግ ያለ ንግግር አልተናገሩም። "አሁን ይካፈላል" አሉ፣ ሁለት ቡና አዘዙና አንዱን ለእኔ አደረጉት።

የከረጢት ፋብሪካው ጉዳይ በዓመቱ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት አልቻለም፤ ሠንጠረዡ አሁን በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ነው። በራሱ ገጽ ከኋላ ተያያዘ። ቅጹን ግን ቀየርነው። "በሽታ አለብዎት ወይ" የሚለውን ትተን፣ "ቤት ሲገቡ ቀስ በል ይሉዎታል? ስልክ በየትኛው ጆሮ ነው የሚያነሱት? ሲነጋ ያስልዎታል?" እያልን መጠየቅ ጀመርን። ባለሙያውም ጩኸት ባለባቸው ቦታዎች እየዞረ መረመረ። ዜሮዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከበላይ "በአንድ ዓመት ይህ ሁሉ በሽታ ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ አለቃዬ ድሮም እንደነበረ፣ እኛ ግን አሁን መጠየቅ እንደተማርን ጽፈው መለሱ። ካንዳንዱ ወፍጮ ቤትና እንጨት ቤትም የጆሮ መድፈኛ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁን ጀመር። ያን ሰሞን ከሥራዬ ጋር እንደ አዲስ ተዋደድኩ።

እናቴ የጆሮ መስሚያ ተደረገላት። የመጀመሪያው ቀን ራሷን ሰምታ ደነገጠች፤ "እንዲህ ነው እንዴ የምጮኸው? ለምን አትነግሩኝም!" አለች። ቀኑን ሙሉ ስታንሾካሹክ ዋለች። ጎረቤታችን እናቴ የታመመች መስሏት ሾርባ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ወደ ድሮ ጩኸቷ ተመለሰች። የዋሂሏ ሴት አሁን ከተማ በመጣች ቁጥር እኛ ቤት ሳትገባ አትሄድም፤ ማንጎ ይዛ ትመጣለች፣ ሳምቡሳ ይዛ ትመለሳለች።

አንዳንድ ቅዳሜ መረጃ ስሰበስብ እናቴ አብራኝ ትወጣለች። ለእኔ የማይነግሩኝን ለእሷ ይነግሯታል። ባለፈው ቀፊራ አንድ ወፍጮ ቤት ገባን። ባለወፍጮው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። ጠየቅሁት።

"ምንም የለብኝም፣ እህቴ! ደህና ነኝ!" አለ።

እናቴ እሱን ትታ በጓዳው በር በኩል ሽሮ የምትነፋውን ሚስቱን አየቻት። "አንቺስ ምን ትያለሽ? ስትጠሪው ይሰማሻል?" አለቻት።

ሚስቲቱ ወንፊቷን አስቀመጠች። "ኧረ ካልሰማኝ ስድስት ዓመቱ!" አለች፣ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ እየሳቀች። ባሏ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ቅጹን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ መጻፍ ጀመርኩ።